የትኛውን ቅንጣት ጠየቃችሁት?



የዚህን ዕትም የትምህርት ገጽ ከምህንድስና በኩል እንድንሞላ ጀመዓው ሲጠይቀን መጀመሪያ ያሰብነው ስለ ፈተና አጠናን መጻፍ ነበር። ከዚያ ግን ላለፉት ወራት እንቅልፍ የነሳንን አንድ ጥያቄ ብናካፍላችሁ ይሻላል አልን። ጥያቄው ስለ ማግኔት ነው፤ በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ ስለማይታይ ማግኔት። ፊዚክስ ያስመረራችሁ ወገኖች ገጹን አትለፉት፤ ቀመር ያለበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም በቃላት እንፈታዋለን ኢንሻአላህ።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ቢከር ውሃ ነው። ሦስት ሆነን የያዝነው የመመረቂያ ፕሮጀክት ከጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ማውጣትን የሚመለከት ነው። ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የመጣችሁ ችግሩን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ፦ ገና በልጅነት የበለዘ ጥርስ፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ እንደ ልብ አልታጠፍ የሚል መገጣጠሚያ። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ግን ከዚህ በላይ አላቸው። የእኛ ሐሳብ እንዲህ ነበር፦ ማግኔታይት የተባለውን የብረት ኦክሳይድ እጅግ ደቃቅ አድርገን እንሠራለን፤ ፍሎራይድ በሚይዝ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ እንሸፍነዋለን፤ ውሃው ውስጥ በትነን ፍሎራይዱን ካስያዝነው በኋላ ከውጭ ማግኔት አስጠግተን ሁሉንም ጠርገን እናወጣለን። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ውድ ማጣሪያም አይፈልግም። በወረቀት ላይ ያምራል።

መጀመሪያ ሽፋኑን ትተን ማግኔታይቱን ብቻ ሠራን። ሁለት ዓይነት የብረት ክሎራይድ በውሃ አሟሙተን አሞኒያ ጠብ ጠብ ስናደርግበት ፈሳሹ ወዲያው እንደ ቡና አተላ ጠቆረ። ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ የፈታነውን ማግኔት ከቢከሩ ጎን ስናስጠጋ ጥቁሩ ነገር ተንጋግቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። አንዱ ጓደኛችን ተክቢራ አሰማ። ከደረቀው ዱቄት ቆንጠር አድርገን መለኪያ መሣሪያው ወዳለበት ቦታ ላክን፤ ተመልሶ የመጣው ግራፍም የሚያስደስት ነበር። ዱቄቱ በማግኔት መስክ ውስጥ ሲገባ በኃይል ይሳባል፤ መስኩ ሲነሳ ደግሞ ማግኔትነቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል። እኛም ረቂቁ ላይ «ቅንጣቶቻችን ሁሉ ሱፐርፓራማግኔቲክ ናቸው፤ በማግኔት ሙሉ በሙሉ ይወጣሉ» ብለን ጻፍን።

ውሃው ግን አልተስማማም። ማግኔቱን ከዙህር እስከ ዐስር ብናቆየውም አልጠራም፤ እንደ ቀጠነ ሻይ ቡናማ ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያለ ውሃ «ጠጪው፣ ታክሟል» ተብሎ ለማንም እናት አይሰጥም። መምህራችን ረቂቁን በአንድ እጃቸው፣ ቢከሩን በሌላው ያዙና ሁለቱን አየት አየት አደረጉ። «እዚህ ላይ ‹ቅንጣቶቻችን ሁሉ› ትላላችሁ። የትኛውን ቅንጣት ጠየቃችሁት?» አሉን። ዝም አልን። አንድም ቅንጣት አልጠየቅንም ነበር።

ሕዝቡን መለካትና አንዷን መለካት

ዱቄታችን የተለካበት መሣሪያ ናሙናውን በማግኔት መስክ ውስጥ ሰቅሎ ላይና ታች ያንቀጠቅጠዋል። ማግኔት ሲንቀሳቀስ አጠገቡ ባለ የሽቦ ጥቅል ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ሁለተኛ ደረጃ የተማርነው የፋራዴይ ሕግ ነው። ከቮልቴጁ ተነስቶ የናሙናው ጠቅላላ የማግኔትነት መጠን ይሰላል። ይህ መጠን «ማግኔታዊ ሞመንት» ይባላል፤ ለይዘቱ (ለቮልዩሙ) ሲካፈል ደግሞ «ማግኔታይዜሽን» የሚባለው ይገኛል።

እስኪ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 20 ናኖሜትር ዲያሜትር ያላትን አንዲት ድቡልቡል የማግኔታይት ቅንጣት እናስብ። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የማግኔታይት እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 5.2 ግራም ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ሚሊግራም ዱቄት ውስጥ እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች ወደ 46 ትሪሊዮን ይሆናሉ። የአንዷ ሞመንት ደግሞ የአንድ አምፔር ካሬ ሜትር ቢሊዮንኛ እንደገና ለቢሊዮን ተከፍሎ ሁለት እጁን ያህል ነው። ከላይ የጠቀስነው ዓይነት መሣሪያ በተለምዶ የሚሰማው ትንሹ መጠን የአንድ አምፔር ካሬ ሜትር ቢሊዮንኛ አካባቢ ነው። አካፍሉት። መሣሪያው «የሆነ ነገር አለ» እስኪል ድረስ ወደ 500 ሚሊዮን ቅንጣቶች ባንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ባንድ ድምፅ መጮህ አለባቸው። አንዷ ብቻዋን ብትጮህ ማንም አይሰማትም።

ስለዚህ በእጃችን የነበረው አማካይ ነው። አማካይ ምን እንደሚደብቅ ተማሪ አይጠፋውም፤ የክፍሉ አማካይ 60 ነው ሲባል ሁሉም 60 አምጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ግማሹ 90 ግማሹ 30 አምጥቶም ሊሆን ይችላል። መድረሳ ሙስጠለሕ ስንቀራ ኡስታዛችን ደጋግመው የነገሩን ነገርም ትዝ አለን። ሰነድ በአማካይ አይመዘንም። አራት ታማኝ ራዊዎች አምስተኛውን ደካማ አይሸፍኑትም፤ እያንዳንዱ በስሙ፣ በሒፍዙ፣ በዘመኑ ለብቻው ይመረመራል። ይህን ከልጅነታችን እያወቅን 46 ትሪሊዮኑን በጅምላ ጠይቀን «ሁሉም» ብለን ፈረድን።

ቅንጣቶቹ አንድ ዓይነት ቢሆኑ ኖሮ ግን አማካዩ ይበቃ ነበር። ችግሩ በዚህ መጠን ያለ ማግኔት ለመጠን ልዩነት የሚሰጠው ምላሽ ነው።

የሸክላው ጥያቄ

አንድ ምስማር ውስጡ ወደተለያየ አቅጣጫ የዞሩ ብዙ ሰፈሮች አሉት፤ ዶሜይን ይባላሉ። አንዱ የሌላውን ስለሚያጣፋ ምስማሩ በራሱ ማግኔት አይመስልም። ቅንጣቷ እያነሰች ስትሄድ ግን ሰፈር ከሰፈር የሚለየውን ግድግዳ መሥራት ከጥቅሙ ወጪው ይበልጣል። ማግኔታይት ከ80 ናኖሜትር አካባቢ በታች ሲወርድ ጠቅላላው አንድ ሰፈር ይሆናል፤ አተሞቹ ሁሉ እንደተስተካከለ ሰፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። እንዲህ ያለች ቅንጣት የምትመርጠው መስመር አላት። በዚያ መስመር ላይ ወዲህ ወይም ወዲያ ልትዞር ትችላለች፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመገልበጥ ግን በመሐል ያለውን የኃይል ኮረብታ መውጣት አለባት። የኮረብታው ከፍታ እንደ ቅንጣቷ ይዘት ነው። ትልቋ ረጅም ኮረብታ፣ ትንሿ ጉብታ ብቻ አላት። ሙቀት ደግሞ ያለማቋረጥ ይነቀንቃቸዋል።

ይህን ጉዳይ በሒሳብ የፈታው ፈረንሳዊው ሉዊ ኔል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949። በኋላ በ1970 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። የሚገርመው ጥናቱ ስለ ኮምፒውተር አልነበረም፤ ስለ ተተኮሰ ሸክላ ነበር! የእናቶቻችን ጀበናና ምጣድ የሚሠራበት ጭቃም በውስጡ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች አሉት። ሸክላው ከእሳት ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ በዚያ ሰዓት የነበረውን የምድር ማግኔት መስክ አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ፤ አንዳንዶቹ ለሺህ ዓመታት። አንዳንዶቹ ደግሞ ወዲያው ይረሱታል። አንድ ዓይነት ማዕድን፣ አንድ ሸክላ፣ አንድ እሳት ሆኖ ሳለ ይህ ለምን ይሆናል?

የኔል መልስ ቃል የገባንላችሁ ቀመር ነው። ቅንጣቷ እስክትገለበጥ በአማካይ የምትቆይበት ጊዜ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ገደማ በአንድ ኤክስፖኔንሻል ተባዝቶ ይገኛል፤ የኤክስፖኔንሻሉ መጠን የኮረብታው ኃይል ለሙቀቱ ኃይል ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር ነው። ያ ቁጥር 25 ይሁን እንበል። ስታሰሉት 72 ሰከንድ ይመጣል። አሁን ዲያሜትሯ በ10 በመቶ ብቻ የምትበልጥ ጎረቤቷን ውሰዱ። ይዘት እንደ ዲያሜትር ሦስተኛ ርቢ ስለሆነ ቁጥሩ ወደ 33 ያድጋል፤ ጊዜው ከሦስት ቀን በላይ ይሆናል። በ10 በመቶ የምታንሰው ደግሞ ቁጥሯ 18 ገደማ ነው፤ የምትቆየው የሰከንድ 8 መቶኛ ብቻ። ሱብሓነላህ! በዓይን ብታዩዋቸው አንዷን ከሌላዋ በማትለዩአቸው ቅንጣቶች መካከል አንዷ ዓይን ሳይርገበገብ ትረሳለች፣ ሌላዋ ሦስት ቀን ታስታውሳለች። በ10 በመቶ ልዩነት ውስጥ የወደቀ ምርት ደግሞ በዘርፉ እንደ ጥሩ ምርት የሚቆጠር ነው። የእኛ የአሞኒያ ጠብታ ያንን እንኳ የሚያህል አልነበረም።

ወደ ቢከሩ እንመለስ። ማግኔት አንዲትን ቅንጣት የሚስብበት ኃይል እንደ ሞመንቷ ነው፣ ሞመንቷ ደግሞ እንደ ይዘቷ። የ5 ናኖሜትር ቅንጣት ይዘት ከ20 ናኖሜትሯ 64 እጥፍ ያንሳል። በዚያ ላይ የቅንጣት ወለል ላይ ያሉ አተሞች ጎረቤት ስለሚጎድላቸው አሰላለፋቸው ይዛባል። የተዛባው ሽፋን 1 ናኖሜትር ውፍረት አለው ብንል፣ የትልቋ ጤነኛ እምብርት 18 ናኖሜትር፣ የትንሿ 3 ናኖሜትር ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ ከ64 ወደ 216 እጥፍ አደገ። ማግኔቱ ትልቋን በሚጎትትበት ኃይል 216ኛ እጅ ትንሿን ይጎትታታል፤ የውሃው ሙቀት ግን ሁለቱንም እኩል ይገፈትራቸዋል። ትንሿ ግድግዳው ጋ መድረስ አትችልም።

ይህን ስናሰላ ያስደነገጠን ሌላ ነገር አለ። ከቅንጣቶቹ በቁጥር ግማሾቹ 5 ናኖሜትር፣ ግማሾቹ 20 ናኖሜትር ቢሆኑ፣ የትንንሾቹ ድርሻ በዱቄቱ ጠቅላላ ማግኔትነት ውስጥ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ያ የሚያምር ግራፍ ግማሹን ሕዝብ ሳያይ ሊያምር ይችላል ማለት ነው። እርግጥ ቅንጣቶች ውሃ ውስጥ ይጓጉላሉ፤ ትልልቁ ጓል ትንንሾቹን ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ እውነተኛው ሁኔታ ከዚህ ስሌት የተሻለ ነው። ሆኖም ቡናማው ውሃ እዚያው ቢከሩ ውስጥ አለ።

ወደ አንዷ መቅረብ

ታዲያ አንዲትን ቅንጣት ለብቻዋ መለካት ይቻላል? ይቻላል። ቁልፉ ርቀት ነው። የአንዲት ትንሽ ማግኔት መስክ ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲጨምር ሺህ እጥፍ ይወድቃል። የእኛ የ20 ናኖሜትር ቅንጣት 50 ናኖሜትር ርቀት ላይ፣ በምሰሶዋ አቅጣጫ፣ 3 ሚሊቴስላ ያህል መስክ አላት። አዲስ አበባ ላይ ያለው የምድር መስክ 36 ማይክሮቴስላ ገደማ ስለሆነ ይህ ዘጠና እጥፍ ያህል ይበልጠዋል! አንድ ማይክሮሜትር ስትርቁ ግን 0.4 ማይክሮቴስላ ይቀራል። አንድ ሚሊሜትር ላይ ከተራ መሣሪያ እይታ ፈጽሞ ይወጣል። ዶርም ውስጥ ስልካችሁን ብረት አልጋው ላይ አስቀምጣችሁ ቂብላ ስትፈልጉ መርፌው የሚቀብጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቅርብ ያለ ትንሽ ማግኔት ሩቅ ያለውን ትልቁን ያሸንፋል። (ከአዲስ አበባ መካ ወደ ሰሜን ሆኖ 5 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ ከአልጋው ፈቀቅ በሉና ሞክሩት። ቂብላን ውሃ ላይ በተንሳፈፈ የማግኔት መርፌ ስለማግኘት ከጻፉት ቀደምቶች አንዱ የየመኑ ሱልጣን አል-አሽረፍ ዑመር ናቸው፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ።)

ስለዚህ መለኪያው ራሱ የቅንጣቷን ያህል ማነስና ከእሷ ጋር መጣበቅ አለበት። ይህን በጥሩ ሁኔታ የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በፈረንሳይ ግሬኖብል ከተማ ቮልፍጋንግ ቬርንስዶርፈርና ባልደረቦቹ ናቸው። ግሬኖብል ኔል ራሱ ለዓመታት የሠራባት ከተማ ናት። የተጠቀሙበት «ማይክሮ ስኩዊድ» የተባለ መሣሪያ ነው። ኒዮቢየም የተባለው ብረት ከ9 ኬልቪን አካባቢ በታች ሲቀዘቅዝ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል፤ ኤሌክትሪክ ያለ ምንም ተቃውሞ ያልፍበታል። ከእሱ ስስ ንጣፍ ላይ የማይክሮሜትር ስፋት ያላት ቀለበት ይቀርጻሉ፤ ቀለበቷ ላይ ሁለት ቦታ እጅግ ቀጫጭን ድልድዮች ይተዋሉ። ቀለበቷ ያለ ተቃውሞ የምታሳልፈው የኤሌክትሪክ መጠን በውስጧ በሚያልፈው የማግኔት ፍሰት ይወሰናል። ፍሰቱ ትንሽ ሲለወጥ የምትችለው መጠንም ይለወጣል።

ቅንጣቷን ድልድዩ ላይ እንዴት ያስቀምጧታል? እኛም በወረፌታ የሚያነሷት መስሎን ነበር። አይደለም! የኮባልት ቅንጣቶቹን አልኮል ውስጥ በትነው፣ መቶ ያህል ቀለበቶች ያሉበት ቺፕ ላይ አንድ ጠብታ ያንጠባጥባሉ። ጠብታው ሲደርቅ ቅንጣቶቹ በወደቁበት ይጣበቃሉ። ከዚያ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እየዞሩ የትኛው ቀለበት ድልድይ ላይ አንዲት ብቻዋን እንደተቀመጠች ይፈልጋሉ። ድልድዩ ላይ ያልወደቀች አትጠቅምም። ሙከራ በሚሳሳትብን ቁጥር ይህን ማሰብ ያጽናናናል፤ የዓለም ምርጥ ላብራቶሪም በጠብታ ዕጣ ይጥላል።

መለኪያው እንዲህ ይሠራል። ቅንጣቷን መጀመሪያ በጠንካራ መስክ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞሯታል። ቀለበቷ ውስጥ ልትችለው ከምትችለው ወሰን ጥቂት ዝቅ ያለ ኤሌክትሪክ ይለቃሉ። ከዚያ በተቃራኒው አቅጣጫ መስክ ቀስ እያሉ ይጨምራሉ። ቅንጣቷ ድንገት የተገለበጠች ጊዜ በቀለበቷ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ይለወጣል፤ ቀለበቷ ወሰኗን ታልፍና ሱፐርኮንዳክተርነቷን ታጣለች፤ ቮልቴጅ ብቅ ይላል። በዚያች ቅጽበት የነበረው መስክ ይመዘገባል። እንደገና ይጀመራል። አንድ ጊዜ ሳይሆን ብዙ ጊዜ፣ በተለያየ አቅጣጫና ሙቀት።

እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመው ሥራቸው ከ15 እስከ 30 ናኖሜትር የሚሆኑ ቅንጣቶችን አንድ በአንድ ለክተዋል፤ ሙቀቱ ከ0.1 እስከ 6 ኬልቪን ነበር። ሁለት ነገሮችን አረጋገጡ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1948 ስቶነርና ዎልፋርዝ ያስቀመጡት ስሌት ነው። መስኩን በቅንጣቷ መስመር ላይ በቀጥታ ተቃራኒ ብታደርጉት ለመገልበጥ ብዙ ያስፈልጋል፤ በ45 ዲግሪ ብታዘነብሉት ግን ግማሹ ይበቃል። ለምን? ትክክል ፊት ለፊት ሲገፏት የሚያዞራት ጉልበት የለም፤ በጎን ሲመጡባት ግን ወዲያው መዞር ትጀምራለች። ዱቄት ውስጥ ቅንጣቶቹ ወደየአቅጣጫው ስለተኛ ይህ ሁሉ ይደባለቅና ይደፈርሳል። አንዲት ቅንጣት ላይ ግን መስኩን እያዞሩ ሲለኩ የተገኘው ነጥብ ሁሉ አራት ሹል ጫፍ ያለው ኮከብ መሰል ቅርጽ ላይ ወደቀ፤ ወረቀት ላይ ብቻ ይታወቅ የነበረው ቅርጽ።

ሁለተኛው የሸክላው ቀመር ነው። መስኩን ከመገልበጫው ጥቂት ዝቅ አድርገው አቁመው ይጠብቃሉ፤ ቅንጣቷ ሙቀት ነቅንቋት በራሷ ጊዜ እስክትገለበጥ። ያንኑ ደጋግመው የመጠበቂያ ጊዜዎቹን ይሰበስባሉ። አንዲት ቅንጣት መቼ እንደምትገለበጥ ማንም አስቀድሞ አያውቅም፤ አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ዘግይታ። ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ግን ያልተገለበጠችበት ዕድል ልክ ኔል እንዳለው በኤክስፖኔንሻል እየቀነሰ ይሄዳል። ቀመሩ ከተጻፈ 48 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ ሲፈትነው የኖረው በሕዝብ ላይ ነበር፤ ውጤቱ ሳይገጥም ሲቀር ደግሞ ቀመሩ ይሳሳት ወይስ ቅንጣቶቹ እኩል ስላልሆኑ ይሁን መለየት አይቻልም ነበር። ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። እኛም ቢከራችን ፊት ቆመን የገባንበት ጣጣ እሱው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ወደ 3 ናኖሜትር ወረዱ። አንድ ሺህ ያህል የኮባልት አተሞች ብቻ! እንዲህ ያለችዋን ላይ በማስቀመጥ መስማት ስለማይቻል ቅንጣቶቹን ቀለበቱ በሚሠራበት የኒዮቢየም ንጣፍ ውስጥ ቀበሯቸው። ያገኙት ነገር የወለሉን ነገር አጠናከረልን፦ የኮረብታው ከፍታ ባብዛኛው የሚወሰነው ውስጥ ባሉት ሳይሆን ዳር ላይ ባሉት አተሞች ነው። በዚህ መጠን ሁለት ቅንጣቶች በጥቂት የዳር አተሞች ከተለያዩ መገልበጫቸውም ይለያያል።

ስኩዊድ ፈሳሽ ሂሊየምና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ የሚነግረን ስለ ቀዝቃዛ ቅንጣት ነው፤ ቢከራችን ደግሞ የክፍል ሙቀት ላይ ነው። ለዚህ የሚቀርበው አልማዝ ነው። አልማዝ ውስጥ አንዱ የካርቦን አተም በናይትሮጅን ተተክቶ ጎኑ ያለው ቦታ ባዶ ሲቀር ያ ጉድለት አረንጓዴ ብርሃን ሲያርፍበት ቀይ ይመልሳል። 2.87 ጊጋኸርዝ የሆነ ማይክሮዌቭ ሲላክበት ቀዩ ይደበዝዛል። አጠገቡ ማግኔት ካለ የሚደበዝዝበት ፍሪክዌንሲ በየሚሊቴስላው 28 ሜጋኸርዝ ይንሸራተታል። የእኛ ቅንጣት በ50 ናኖሜትር ርቀት ብትቀመጥ ወደ 90 ሜጋኸርዝ ታንሸራትተዋለች፤ ይህ በቀላሉ የሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ በሕይወት ያሉ ባክቴሪያዎች ውስጥ ያለውን ማግኔት በምስል አይተዋል። ፍጡራኑ በሰውነታቸው ውስጥ የማግኔታይት ቅንጣቶች ደርድረው እንደ ኮምፓስ የሚጠቀሙ ናቸው። መጠናቸው ደግሞ እኩል እኩል ነው፤ እኛ በአሞኒያ ያቃተንን። ስለታም ጫፍ ባለው መርፌ ወለሉን የሚዳስሰው የማግኔት ኃይል ማይክሮስኮፕም አለ፤ ነገር ግን መርፌው ራሱ ማግኔት ስለሆነ ትንሿን ቅንጣት ሊለካት ሲቀርብ ሊገለብጣት ይችላል።

አሁን የት ደረስን

ግሬኖብልም አልሄድንም፣ አልማዝም የለንም። ውሃ በማይክሮ ስኩዊድ የሚያጣራ ሰውም አይኖርም። አንዷን የመለካት ጥቅሙ ሕጉን ማጥራቱ ነው፤ ሕጉ ከጠራ ሕዝቡን በመጠን ከፋፍሎ ማስላት ይቻላል። ለዚያ ግን የእኛን የመጠን ስርጭት ማወቅ አለብን። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምስል ጠይቀን ተራ እየጠበቅን ነው። ሲመጣ አማካዩን ሳይሆን እያንዳንዷን በማስመሪያ ልንለካ ተስማምተናል፤ ሦስታችንም ተካፍለን፣ ቢያንስ 300 ቅንጣት።

እስከዚያ ሁለት ነገር አድርገናል። ከረቂቁ ላይ «ሁሉ» የሚለውን ቃል ሰረዝን። ከአሁን በኋላም ማግኔቱ የሰበሰበውን ብቻ ሳይሆን ያመለጠውን ውሃ ለይተን አድርቀን እንመዝነዋለን፤ ግራፉ የማያያቸው እዚያ ውስጥ ናቸውና። ሁለተኛው፣ የማግኔት ጉተታ በመስኩ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን መስኩ በምን ያህል ፍጥነት ከቦታ ቦታ እንደሚለዋወጥም ይወሰናል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሲሪንጅ ውስጥ ዕቃ የሚፈተግበትን ቀጭን የብረት ሽቦ ሞልተን፣ ከውጭ ማግኔቱን አስረን፣ ቡናማውን ውሃ ቀስ አድርገን አሳለፍነው። እያንዳንዷ የሽቦ ክር አጠገቧ ሹል መስክ ስለምትፈጥር ግድግዳው ጋ ያልደረሱት ቅንጣቶች ክሯ ላይ ይያዛሉ። በሦስተኛው ዙር ውሃው በዓይን ሲያዩት የቧንቧ ውሃ መሰለ።

ባለፈው ሳምንት ከዒሻ በኋላ ላቡን አጨልመን የሌዘር ጠቋሚ አበራንበት። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ጨረሩ አይታይም። በእኛ ውሃ ውስጥ አረንጓዴ ክር ከዳር እስከ ዳር ታየ። ያመለጡት ትንንሽ ማግኔቶች ይሁኑ ወይስ ከመጀመሪያውም ማግኔት ያልሆነ የብረት ዝገት፣ ወይም ሽቦው ራሱ የለቀቀው፣ ገና አላወቅንም። ለማጣራት አራት ጠርሙስ አዘጋጅተናል፤ አንዱ ውስጥ ያለው በባዶ ሽቦ ብቻ ያለፈ ንጹሕ ውሃ ነው። ሐሙስ ከዐስር በኋላ እናበራባቸዋለን፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።